ጎዳናው የጠረገው መንገድ፦ ስለ 1966ቱ አብዮት ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ታሪክ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ 1966ቱ አብዮት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። እንጀምር።

ጋሼ፣ ንጉሡን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴን፣ ያወረደው ሕዝቡ ነው ወታደሩ?

ሁለቱም፣ ግን በየተራ። ጥር ላይ ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት አመፁ። የካቲት ላይ ነዳጅ ተወደደና ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም ወጡ። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። ያኔ ደርግ የሚባል የወታደሮች ኮሚቴ አልነበረም፤ የተቋቋመው ሰኔ 21 ነው። መንገዱን የጠረገው ጎዳናው ነው፣ የሄደበት ወታደሩ።

«ስዩመ እግዚአብሔር» የተባለ ሥልጣን እንዴት በአንድ ቀን ወደቀ?

በአንድ ቀን አልወደቀም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሡ ቅዱስ ናቸው፣ ሥልጣናቸው አይነካም ይል ነበር። ሰው ማመኑን ሲተው ግን ጽሑፉ ብቻውን ቀረ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የወሎ ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ የአጥንት ክምር የሆኑ ሕፃናትና የቤተ መንግሥት ግብዣ ጎን ለጎን። በማግስቱ ንጉሡን በቮልስዋገን ወሰዷቸው። መንገድ ዳር የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» ይል ነበር። ሲያልፉ ይሰገድላቸው የነበሩ ሰው ናቸው እኮ።

እኛ ጎጃሞችስ የት ነበርን?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። እኛ ቀድመን ተነስተናል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ማሳ ሊገምት የመጣውን ሹም አባረረ። ፍርሃቱ የብር ብቻ አልነበረም። ዛሬ የተገመተ መሬት ነገ ርስት መሆኑ ይቀራል ብሎ ሰጋ። መንግሥት ፖሊስ ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፤ ገበሬው ግን አልተበገረም። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ።

ልብ በሉ፣ ያ ገበሬ ንጉሡን አልካደም። መልእክተኛ ልኮ አቤት አለ። ሹሙን እንጂ ዙፋኑን አልጠላም። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን አቤት የሚባልለት ጠፋ። ለእኔ በ1960 እና በ1966 መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። አሁን ፊቴ እንጨት ጭኖ ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰውዬ አያቱ ምናልባት ያኔ ከተነሡት አንዱ ይሆናሉ።

መምህር፣ ሰልፍ ሥልጣን ይሰጣል?

ሥልጣን ይነሣል። መስጠቱ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። ደርግ ንጉሡን ባወረደበት አዋጅ ላይ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ፓርላማውን በተነ፣ አድማና ሰላማዊ ሰልፍንም ከለከለ። በጎዳና የመጣ መንግሥት መጀመሪያ የዘጋው ጎዳናውን ነው! «ያለ ምንም ደም» ይባል የነበረው መፈክርም ኅዳር 14 ሌሊት አበቃ፤ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

ታዲያ የመሬት አዋጁ ቀን የወጣው ሕዝብ ውሸት ነበር?

በፍጹም! የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ነው ብሎ ሲያውጅ የአዲስ አበባ ጎዳና ሞልቶ ፈሰሰ። ተማሪው ለዓመታት «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተደበደበበት ነገር ነው። ደስታው እውነተኛ ነበር። ግን በአንድ አዋጅ መደሰት ማለት «እስከፈለጋችሁ ግዙን» ማለት አይደለም። ደርግ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው።

ሌላ አማራጭ ያቀረበ አልነበረም?

ነበረ። ተማሪዎችና የሠራተኞች አንድነት ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብለው ጠየቁ። የማኅበሩ መሪዎች መስከረም ሳያልቅ ታሰሩ።