መልስ፦ ስሜን ያጠፋ ጓደኛዬን ልራቀው ወይስ ልንገረው?

ንገረው፤ ግን ለብቻው። «ደሴ ላይ በጽዋ ማኅበራችን ፊት ስሜን ያጠፋውን ጓደኛዬን ዝም ብዬ ልራቀው?» ላልከው፣ ማቴዎስ 18፥15-17 ቅደም ተከተሉን አስቀምጦልሃል፦ መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻ፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ደረጃ አትቸኩልበት። በቴሌግራም አትጻፍለት፤ ድምፅህን ስለማይሰማ ቁጣ አድርጎ ያነበዋል። ቡና ላይም አታንሳው፤ በእኛ ወሎ አቦሉ ሳይቀዳ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጦሳ ተራራ ጥግ ይዘኸው ውጣ። የተናገረውን ያንኑ አንድ ነገር ብቻ ጥቀስ፣ መቼና የት እንደሆነም ጨምር፤ የቆየውን ሁሉ አትዘርግፍ። ከዚያ ዝም ብለህ አድምጠው። አንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ምክር ልጠይቅ» ብለህ አስቀድመህ ለሌላ ጓደኛ አትንገር። እርቅን በብዛት የሚያበላሸው ይሄ ነው፤ ወሬው ቀድሞህ ይደርሰውና ማስተባበያውን አዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። መማከር ካስፈለገህ የንስሐ አባትህ አሉ። ይቅርታ ከጠየቀህ ደግሞ፣ በማኅበሩ ፊት ያለውን እዚያው እንዲያርመው በፍቅር ለምነው፤ ስምህ የተነካው እዚያ ነውና።