ከኖር ፍላሽ ማንበብን ማፍጠን፦ ጥያቄና መልስ

ባለኖሩ፦ ዛሬ ማታ ለጎንደር ልጆች ክፍት ነኝ። ርዕሱ የኤስፒአይ ኖር ፍላሽ (በጥቂት ሽቦ ከሲፒዩ ጋር የሚገናኝ፣ ኃይል ቢቋረጥም ዳታው የማይጠፋ የማስታወሻ ቺፕ) ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያዝዘው ፕሮግራም፣ እሱም ማንበብ ብቻ። ስትጠይቁ የቺፑን ስም፣ ክሎኩን (ዳታው የሚሄድበትን የምት ፍጥነት) እና በአንድ ጥሪ የምታነቡትን ባይት ጻፉ።

የአዘዞው፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። ፍላሹ ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ባለኖሩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። የትኛው ቺፕ? በስንት ክሎክ? ስንት ባይት? ሦስቱን ይዘህ ተመለስ።

ቀሃ፦ ደብሊው25ኪው128ጄቪ፣ 40 ሜጋኸርዝ፣ በተራው የማንበቢያ ትእዛዝ 03። ለስክሪን የአማርኛ ፎንት ነው የማነበው፤ 4 ባይት፣ 4 ባይት እያልኩ።

ባለኖሩ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። እንግዲህ እንቁጠር። በአንድ መስመር አንድ ቢት አንድ ክሎክ (ምት) ይፈጃል፤ በ03 ለትእዛዙ 8፣ ለአድራሻው 24 ክሎክ ይሄዳል፤ ዳታው ገና አልመጣም። 4 ባይት ሌላ 32 ክሎክ ነው። ግማሹ ጊዜ በትእዛዝና በአድራሻ አለቀ። 32 በ32 የሆነ አንድ ፊደል 128 ባይት ነው፤ በአንተ አካሄድ 32 ጊዜ ጠርተህ 2048 ክሎክ ታወጣለህ፣ በየጥሪው መሐል ሲፒዩው የሚያባክነው ሳይቆጠር። ፊደሉን ባንዴ ብታነበው 1056። ሽቦም ክሎክም አልነካህም! ከዚያ ወደ ባለአራት መስመሩ የማንበቢያ ትእዛዝ፣ ወደ ኢቢ ሂድ፦ 8 ለትእዛዝ፣ 6 ለአድራሻ፣ 2 ለሞድ ባይቱ (ቀጣዩ ንባብ ያለ ትእዛዝ ይሁን አይሁን ለሚወስነው)፣ 4 ባዶ ክሎክ (ቺፑ እስኪዘጋጅ የሚጠበቅ)፣ 256 ለዳታ፤ ድምሩ 276። ሌላው ባለአራት መስመር ትእዛዝ 6ቢ ግን አድራሻውን በአንድ መስመር ስለሚልክ መነሻው ብቻ፣ ከ8 ባዶ ክሎክ ጋር፣ 40 ክሎክ ነው፤ ለአጭር ንባብ አልመክረውም። መጀመሪያ የንባቡን መጠን፣ ቀጥሎ ትእዛዙን፣ ክሎኩን በመጨረሻ።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ኢቢ ስልክ ሁሉም ኤፍኤፍ (ቢቱ ሁሉ 1) ሆኖ ይመለሳል።

ባለኖሩ፦ ባለአራት መስመሩን የሚከፍተውን ኪውኢ ቢት እይው፤ ሁለተኛው ስቴተስ ሬጅስተር (የቺፑ ሁኔታ መመዝገቢያ)፣ ቢት 1። ዜሮ ከሆነ ሁለቱ እግሮች ገና ራይት ፕሮቴክትና ሆልድ (መጻፍ መከልከያና ማቆያ) እንጂ የዳታ መስመር አይደሉም። በየማስነሻው አትጻፊው፤ አንብበሽ ዜሮ ካገኘሽ ብቻ። ባዶ ክሎክ ቢጎድል ኖሮ ዳታው ይንሸራተት ነበር እንጂ ሁሉም ኤፍኤፍ አይሆንም።

የአዘዞው፦ ክሎኩን 80 ባደርገውስ?

ባለኖሩ፦ ቀሃ የጠቀሰው ቺፕ ከሆነ 03 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ፈጣኑ የአንድ መስመር ንባብ 0ቢ፣ ከ8 ባዶ ክሎክ ጋር። ስንት ባይት እንደምታነብ አሁንም አልነገርከኝም።

ፒያሳ፦ ዲኤምኤ (ያለ ሲፒዩው ዳታን ወደ ራም የሚያሻግረውን) ካስገባሁ ወዲህ አልፎ አልፎ አሮጌ ዳታ ይመጣል። ሲፒዩው ኮርቴክስ ኤም7 ነው።

ባለኖሩ፦ ካሹ፣ የሲፒዩው ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። በፈሩ (ዳታው የሚያርፍበት የራም ቦታ) በ32 ባይት ይሰለፍ፣ መጠኑም የ32 ብዜት ይሁን፤ አለዚያ የጎረቤት ቫሪያብል ታበላሻለህ። ዲኤምኤ ከመጀመሩ በፊት ኢንቫሊዴት (የካሹን ቅጂ መሻር)፣ ሲጨርስም እንደገና። የፊተኛውን ከዘለልክ ወደ ራም ያልተመለሰ የካሽ መስመር ዲኤምኤ ባመጣው ላይ ሊጻፍበት ይችላል፤ የኋለኛውን ከዘለልክ ሲፒዩው ቀድሞ የሳበውን ታያለህ። ለ4 ባይት ደግሞ ዲኤምኤ አታስነሣ፤ ማዘጋጃው ከንባቡ ይረዝማል።

ቀሃ፦ ትእዛዙን የሚያስቀረው ቀጣይ የንባብ ሞድስ? 8 ክሎክ ይተርፋል። ግን መብራቱ መጣ ሄደ ሲል ቺፑ እዚያው ሞድ ላይ እንዳይቀር ፈራሁ።

ፒያሳ፦ መብራት ሲጠፋማ ቺፑም ይጠፋል፣ ሲመጣ ከነሞዱ አይነሣም። የሚያስቸግረው ዋችዶግ (ፕሮግራሙ ሲቆም ሲፒዩውን ሪሴት የሚያደርገው ሰዓት ቆጣሪ) ነው፤ ሲፒዩው ብቻውን ሪሴት ሲሆን ፍላሹ አድራሻ ይጠብቃል።

ማራኪ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ቦርዱ ላይ ትልቅ ካፓሲተር ካለ፣ መብራቱ ለአፍታ ሲወርድ ሲፒዩው በብራውንአውት (ቮልቴጅ ሲወርድ በሚሠራው መጠበቂያ) ሪሴት ይሆናል፣ ፍላሹ ግን አልጠፋም።

ፒያሳ፦ ብራውንአውቱን ስንት ቮልት ላይ ብታደርጊው ነው?

ባለኖሩ፦ ስለ መብራቱ ሌላ ቀን ተከራከሩ። መድኃኒቱ ያው ነው፦ ሲፒዩው ሲነሣ የቺፑን መታወቂያ ከመጠየቃችሁ በፊት በመጀመሪያው መስመር 8 ክሎክ ኤፍኤፍ ላኩ። ይህን ያልጻፈ ሞዱን አይንካ።

ልደታ፦ ኤስዲ ካርድ በኤስፒአይ፣ ሴክተር በሴክተር (የካርዱን ክፍል አንድ በአንድ) በትእዛዝ ሲኤምዲ17 አነባለሁ።

ባለኖሩ፦ ተከታታይ ከሆነ ብዙ ሴክተር የሚያነበው ሲኤምዲ18፣ ሲበቃ ማቆሚያው ሲኤምዲ12። ርዕሱ ግን ኖር ነው።

የአዘዞው፦ ጋሼ፣ አየሁት፤ በአንድ ጥሪ 1 ባይት ነው የማነበው።

ባለኖሩ፦ 1 ባይት! ለ8 ክሎክ ዳታ 32 ትከፍላለህ። ለቀሃ የመለስኩትን አንብብ።