«እኔን!» እና ከንፈር መምጠጥ

ጥያቄ፦ አዳማ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሥልጠና ላይ «ለታማሚ ሲምፓቲ ሳይሆን ኢምፓቲ ይኑራችሁ» ተባልን። አሠልጣኙ ግን ሁለቱንም የእንግሊዝኛ ቃላት «ርኅራኄ» እያሉ ተረጎሟቸው። ልዩነታቸው በአማርኛ እንዴት ይነገራል?

መልስ፦ ግራ ቢገባችሁ አይፈረድባችሁም። ሲምፓቲ ከግሪክ የመጣ የቆየ ቃል ነው፤ ሥሩ «አብሮ መታመም» እንደ ማለት ነው። ኢምፓቲ ግን የትናንት ልጅ ነው። ቲችነር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1909 እ.ኤ.አ. አንድ የጀርመንኛ ቃል ሲተረጉም ያመጣው ነው። የጀርመንኛው ቃል «ውስጥ ገብቶ መሰማት» ነው። የሚገርመው፣ ቀድሞ የሚወራበት ስለ ታማሚ ሳይሆን ሥዕልና ሐውልት ስለሚያይ ሰው ነበር።

ወደ እኛ እንምጣ። ሲምፓቲ ሐዘኔታ ነው፤ አያከራክርም። ግሡ ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። «አዘንኩለት» ካሉ አንጀትዎን በልቶታል፤ «አዘንኩበት» ካሉ ቀይመውታል። ርኅራኄ ደግሞ አቅም ካለው ወደ ሌለው የሚወርድ ነው። «ይራሩልኝ» የሚባለው ዳኛ ፊት ነው።

ለኢምፓቲ አንድ ቁርጥ ያለ ስም የለንም። ፍጠር ብትሉኝም አልፈጥርም። ነገሩ ግን መንገድ ላይ አለላችሁ። አንድ ሰው ከባጃጅ ሲወርድ ተደናቅፎ ወደቀ እንበል። አንዱ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል፤ ይሄ ሐዘኔታ ነው። ማዶ የቆሙ እናት ግን «እኔን!» ይላሉ። ይህች ቃል የተቆረጠች ዓረፍተ ነገር ናት፤ ስትሞላ «እኔን ይድፋኝ» ነች። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ን» ውድቀቱን ከወደቀው ሰው ነጥቃ ለተናጋሪዋ ታሸክማለች። እውነቱን ለመናገር ኢምፓቲ ይህን ያህል አይጠይቅም፤ የሌላው ስሜት ገብቶን ብንጋራው ይበቃዋል። «እኔን!» ከልኩ ያለፈ ነው። ቢሆንም ከርኅራኄ ይልቅ ለኢምፓቲ ይቀርባል።

ለሥልጠና ጽሑፍ «ስሜትን መጋራት» ቢባል ይሻላል እላለሁ። «በጫማው ውስጥ ሆናችሁ እዩት» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ግን እባካችሁ ተዉት። የሰው ጫማ ይጠባል ወይ ይሰፋል እንጂ በአማርኛ ሌላ ትርጉም የለውም። «በእኔ ቢደርስስ?» የሚል የራሳችን አባባል አለን።

ሕመም ሲያገላብጣቸው ያደሩ አዛውንት ጠዋት ሲያገኙ «አይ፣ ምስኪን!» ካሉ ሐዘኔታ ነው። «ሌሊቱ አልነጋ ብሎዎት አደረ፣ አይደል አባባ?» ካሉ ግን፣ ያ አሠልጣኙ የፈለጉት ነው።