ያቺ የተበጠሰች ማሰሪያ

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ካርጎ ውስጥ አዲስ ለገባችሁ ነው። ሰላሳ ዓመት ያህል አውሮፕላን ስጭን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፤ ምላሴ ግን ገና ደህና ነው።

ያንን ቪዲዮ መቼም ሳታዩት አልቀራችሁም። አንድ ቦይንግ 747 አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይወጣል። አየር ላይ ቆም ያለ ይመስላል። ያጋድላል። ከዚያ መሬት፣ ከዚያ እሳት። መኪና ላይ የተገጠመ ካሜራ ነው የቀረጸው። ስልክ ለስልክ ስትቀባበሉት አያለሁ፤ እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ቪዲዮው ከመጀመሩ በፊት ስለሆነው ነው።

ቦታው አፍጋኒስታን፣ ባግራም የጦር ሰፈር። ቀኑ ሚያዝያ 21 ቀን 2005 ዓ.ም.። የናሽናል ኤርላይንስ የጭነት በረራ ነበር። እዚያው አፍጋኒስታን ካምፕ ባስቲየን በሚባል ሰፈር አምስት ብረት ለበስ የጦር መኪኖች ጭኖ መጣ፤ ሁለቱ 12፣ ሦስቱ 18 ቶን ገደማ። ባግራም ያረፈው ነዳጅ ሊቀዳ ነው። ቀጣዩ ዱባይ ነበር። የተሳፈሩት ሰባት ሰዎች ናቸው፤ አንድም አልተረፈም።

እዚያው ባግራም ቆመው ሳለ መኪኖቹን ከያዙት ማሰሪያዎች አንዱ ተበጥሶ ተገኝቷል። በአውሮፕላኑ ድምፅ መቅጃ ላይ አለ። ሠራተኞቹ ስለተበጠሰው ማሰሪያ ያወራሉ፤ ጭነቱ ትንሽ መንቀሳቀሱንም ያነሳሉ። ከዚያ ሞተር ተነሳ።

እኔ የአደጋውን ምርመራ ሳነብ ይቺ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌ አቆማለሁ። ሰዎቹ ዓይናቸውን የጨፈኑ አልነበሩም። አይተዋል፣ ተነጋግረዋል። ግን ማሰሪያ የሚበጠሰው በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ጭነቱ ከአቅሙ በላይ ጎትቶታል። አርጅቶ ከሆነ መቀየር ይበቃል። ከአቅሙ በላይ ተጎትቶ ከሆነ ግን አዲሱም ይበጠሳል። ከጎኑ ያሉትም ይከተሉታል። እንግዲህ የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ቀይራችሁ "ጨርሰናል" ማለት የለም።

ስለ ማሰሪያ ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ አዲስ ልጅ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ማሰሪያው ላይ የተጻፈው አቅም ሁሌ ሙሉ በሙሉ አይሠራላችሁም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ማሰሪያ ጭነቱ እንዳይነሳ ይይዛል፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ግን ብዙም አይረዳም። እሱን የሚይዘው ወደ ፊት ጋደም ብሎ የታሰረው ነው። ስለዚህ የጭነቱን ክብደት ለማሰሪያው አቅም አካፍሎ "ይህን ያህል ይበቃል" ማለት ሒሳብ አይደለም። መርማሪዎቹም ያገኙት ይህንኑ ነው። የአየር መንገዱ መመሪያ ለእንዲህ ያለ ከባድ ጭነት የሚያስፈልገውን መረጃ አጉድሎ ነበር፤ የማሰሪያውን አንግልም በወጉ አላሰላም። አህያ የጫነ ገበሬ ይህን ያለ መመሪያ ያውቀዋል። ገመዱን ቢያበዛ፣ አቅጣጫውን ካልያዘ ጭነቱ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ደግሞ "ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ ነው የወደቀው" የምትሉ አላችሁ። ታሪኩ ከዚያ የከፋ ነው። ቢያንስ አንዱ መኪና ተንሸራቶ ጅራቱ ውስጥ ገባ። የሃይድሮሊክ መስመር ቆረጠ፣ የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውንም ክፍል ሰበረ። ካፒቴኑ መሪውን ቢገፋ ምን ሊሆን? ከዚያ በኋላ የፈለገ ጀግና ቢቀመጥበት አይመለስም።

አንድ ልጅ በቀደም "ጋሼ፣ የእኛን የጫኞቹን ቃል ማን ይሰማል?" አለኝ። ይሰሟችኋል፣ ግን አነጋገር እወቁ። "ትንሽ ላላ ያለ ይመስለኛል" ከተባለ ካፒቴን ምን ያድርግበት? የትኛው ፖዚሽን (የጭነቱ ቦታ)፣ ስንት ማሰሪያ፣ በስንት ሴንቲሜትር እንደተንቀሳቀሰ ንገሩት። ቁጥር የያዘ ሰው ተለማማጭ ቢሆንም ይደመጣል።

ማያሚ ላይም ነሐሴ 1 ቀን 1989 ዓ.ም. አንድ ዲሲ-8 የጭነት አውሮፕላን የጂንስ ጨርቅ ጭኖ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። ጭነቱ በታዘዘው መሠረት አልተጫነም ነበር። ፋይን ኤር የሚባል አየር መንገድ ነበር ባለቤቱ። ከሞቱት አምስት ሰዎች አንዱ መሬት ላይ መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ነው። እሱ ምን አገባው?

የራሴንም ልናዘዝ። ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሌሊት፣ ዝናብ፣ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ጽጌረዳ እየጫንን ነው። ፓሌቱ፣ ማለት ጭነቱ የሚደረደርበት ጠፍጣፋ መጫኛ፣ ቦታው ሲደርስ ከወለሉ ብቅ ብሎ የሚይዘው የብረት መቆለፊያ አለ። አንዱ እምቢ አለኝ። በጫማዬ ሁለት ጊዜ መታሁት። አልተነሳም። ሌሎቹ ተነስተዋል፤ "አንዷ ምን ታመጣለች" ብዬ አለፍኩ።

አለቃችን ግን ከኋላዬ ይመጣ ነበር። ምንም ሳይል ተንበረከከ። ባትሪውን ጥርሱ ውስጥ ነክሶ መቆለፊያው ሥር በጣቱ ቆፈረ። ሽምብራ የምታህል ጠጠር አወጣ። ፓሌቱን መልሰን ገፋን፣ እንደገና አስገባን። አርባ ደቂቃ ዘገየን። ሬዲዮው ይጮሃል፣ የበረራ ኃላፊው ይጮሃል፤ አለቃዬ "እሺ ጌታዬ" እያለ ሥራውን ይሠራል። አውሮፕላኑ ሄደ። አበባው ደረሰ። ስለ ጠጠሯ ማንም አልሰማም።

ቁጣውን ስጠብቅ አደርኩ። በማግስቱ ፈረቃ ስገባ ያችን የጥርስ ምልክት ያለባትን ባትሪ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

"በጫማህ አይታይም" አለኝ።