እጅ ላይ የቀሩ አሻንጉሊቶች፦ ስለ ፈንኮ ፖፕ ጥያቄና መልስ

ፈንኮ ፖፕ ማለት ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ዓይኑ ጥቁር ክብ፣ ቁመቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። ከ2010 ጀምሮ ይመረታል። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥ፦ ሁሉም ፊታቸው አንድ ነው። ሰው ምን አይቶ ነው የሚገዛው?

መ፦ አንድ መሆናቸው ራሱ ነው የሚያስገዛው። ባትማኑም፣ ኳስ ተጫዋቹም፣ ዘፋኙም በእኩል ካርቶን ስለሚመጡ ሲደረደሩ ዓይን ይይዛሉ። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ቁጥር አለ፤ 12 እና 14 ያለው ሰው 13ን ሳያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም። ዋጋውም ለዓመታት ከ10 እስከ 15 ዶላር ስለነበር ኪስ አይጎዳም ነበር።

ጥ፦ ታዲያ ምን ነካው?

መ፦ ብዛት። በ2022 መጨረሻ የአምራቹ የፈንኮ ኩባንያ ክምችት 246 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አሪዞና ያለው ማከፋፈያው ሞልቶ ስለፈሰሰ ለትርፉ ዕቃ ኮንቴይነር ተከራየ። በመጋቢት 2023 ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣውን እንደሚያስወግድ አስታወቀ፤ አስቀምጦ ኪራይ ከመክፈል መጣሉ ይሻላል ብሎ። አምራቹ የጣለውን ነገር እኛ በፕላስቲክ ሸፍነን እናስቀምጣለን።

ጥ፦ የኔው "ቼስ" የሚል ስቲከር አለው። ብርቅ ነው አሉኝ።

መ፦ ቼስ፣ ማለትም ከተራው ትንሽ ተለይቶ የሚሠራው፣ በተለምዶ ከ6 አንዱ ነው። 30,000 ከተመረተ 5,000ው ቼስ ነው ማለት ነው። ከተራው ይወደዳል እንጂ ብርቅ አይባልም።

ጥ፦ ቢኒ ቤቢ የሚባለው የ90ዎቹ የጨርቅ አሻንጉሊትም እንዲህ አልነበር?

መ፦ ነበር እንጂ። በ5 ዶላር የሚሸጠውን አሻንጉሊት አምራቹ ታይ ዋርነር "ይህኛው ከእንግዲህ አይመረትም" እያለ ሰው አሯሯጠበት። በ1999 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ሲካፈሉት ፎቶ ተነስተዋል። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው መለያ ወረቀቱን ሳያስነካ አስቀምጦታል። ኬነር የተባለ ኩባንያ በ1978 ያወጣው የስታር ዋርስ ፊልም አሻንጉሊት ከነማሸጊያው ውድ የሆነው ልጆች ቀደው፣ ተጫውተው፣ ስለጣሉት ነው። ፈንኮን ማን ቀደደው?

ጥ፦ አስመስሎ የተሠራውን በምን ልለይ?

መ፦ ካርቶኑ ሥር የታተመውን የምርት ኮድ አሻንጉሊቱ እግር ወይም አንገት ላይ ካለው ጋር አስተያይ። አሻንጉሊቱ ላይ ምንም ከሌለ ወይም ካልገጠመ ተጠራጠር። የካርቶኑ ጽሑፍ ጠርዙ ከደበዘዘ፣ ቀለሙም ከዓይኑ መስመር ከወጣ፣ ተወው።

ጥ፦ ሳጥን ውስጥ ቆይተው እጅ ላይ ይጣበቃሉ፤ አንዱም እግሩ ታጥፎ ይዘማል።

መ፦ የሚያጣብቀው ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ወደ ላይ ይወጣል። ለብ ባለ ውኃና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠባቸውና በጥላ አድርቃቸው። አሴቶንና አልኮል ቀለሙን ይልጡታል። የታጠፈውን እግር ሙቅ ውኃ ውስጥ (የፈላ አይደለም) ለ30 ሰከንድ ያህል ንከረው፤ አቃንተህ እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተተው። ቀዝቃዛውን ከዘለልከው ተመልሶ ይታጠፋል።

ጥ፦ 140 አሉኝ። በስንት ልሽጣቸው?

መ፦ እህቴ፣ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ አትመልከቺ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን መርጠሽ የመጨረሻ 5 ሽያጮችን እዪ። ከዚያ ለኢቤይ 13 በመቶ ገደማ፣ ለመላኪያም 6 ዶላር ያህል ቀንሺ፤ በ12 ዶላር ከተሸጠው 4 ዶላር ተኩል ቢተርፍሽ ነው። ስለዚህ ከ25 ዶላር በላይ የሚያወጡትን ለየብቻ፣ የቀረውን አሥር አሥሩን አንድ ላይ ሽጪ። የካርቶኑ ጥግ የተጨፈለቀ ከሆነ በግልጽ ፎቶ አንሺው፤ ካልሆነ ይመለስብሻል።

ጥ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። 60 ያህሉን ለእህቴ ልጆች ወደ አዲስ አበባ በአየር ልላክ?

መ፦ ከነካርቶናቸው ከሆነ ይቅርብህ። የአየር ጭነት በሚይዘው ቦታም ያስከፍላል፤ 16 በ11.5 በ9 ሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ሲካፈል አንዱ 0.33 ኪሎ ይሆናል፣ ስልሳው 20 ኪሎ ገደማ። አውጣቸውና ካልሲ ውስጥ እየከተትክ ሰው ሲሄድ ሻንጣ ውስጥ ስጣቸው። ካርቶኑን ልጆቹ አይጠይቁህም።