ቀን የሚወፍር፣ ሌሊት የሚቀጥን መስመር

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ የመሬት ንዝረት መለኪያ ተክለናል። የሚስለው መስመር ቀን ይወፍራል፣ ሌሊት ይቀጥናል። የአዋሽ ፈንታሌ ትንንሽ መንቀጥቀጦች የሚታዩን ሌሊት ብቻ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። መሣሪያችሁ ከተማውን እየሰማ ነው። መኪናው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የግንባታ ማሽኑ፣ የተማሪው እግር፣ ሁሉም መሬቱን ይነቀንቃሉ። ይህ ንዝረት በአብዛኛው ከ1 ኸርዝ (በሰከንድ አንድ ምልልስ) በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ከተሞች ሲዘጉ በብዙ አገር ጣቢያዎች ላይ በግልጽ ቀንሶ ታይቷል።

ቢሆንም አረጋግጡ። መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። 3፡00 ሲል እኛ ጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ 21፡00 ሲል እኩለ ሌሊት። ቀጥሎ እሑድን ከሰኞ ጋር አስተያዩ። እሑድ ቀኑን መስመሩ ቀጠን ካለ ምንጩ የሰው እንቅስቃሴ ነው። በአንዴ ወፍሮ በአንዴ የሚቀጥን ከሆነ ግን ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ብቻ ከባሰ ነፋስን ጠርጥሩ፤ ዛፍና ምሰሶ ሲወዛወዙ መሬቱንም ይዘው ነው። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንዴ የሚመላለስ ዝግ ያለ ንዝረት ካያችሁ እሱ የውቅያኖስ ማዕበል ነው። የሥራ ሰዓት አያውቅም።

ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ፊልተር ይሮጣል፤ ያልተፈለገውን ንዝረት በኸርዙ ለይቶ ወደሚቆርጥ ሶፍትዌር ማለት ነው። ለእናንተ ብዙም አይፈይድም። የቅርብ መንቀጥቀጥ ጉልበቱ ያለው ከ1 እስከ 10 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የከተማው ጫጫታም እዚያው ነው። አንዱን ስትቆርጡ ሌላውም አብሮ ይሄዳል።

ቦታውን ቀይሩ። ፎቅ ላይ በፍጹም አይሆንም፤ ሕንጻው ራሱ እየተወዛወዘ ንዝረቱን ያጎላዋል። ምድር ቤት አውርዱትና በቀጥታ መሬት ላይ በፈሰሰ ሊሾ ላይ አስቀምጡት። ጠረጴዛም ምንጣፍም አይኑር። ከመንገድ፣ ከውሃ ፓምፕ፣ ከዛፍ አርቁት። ነፋስና የፀሐይ ሙቀት እንዳያገኘው በሳጥን ክደኑት። ልፋቱ ያዋጣል፦ የጫጫታው ከፍታ ወደ አንድ አሥረኛ ከወረደ በ1 ማግኒቲዩድ (የመንቀጥቀጥ መጠን መለኪያ) ያነሰ መንቀጥቀጥ ማየት ትጀምራላችሁ። ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

በብሎን ከማሰራችሁ በፊት ግን አዲሱ ቦታ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ መዝግቡ። ስታወዳድሩም የአዲሱን ቦታ የማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ከድሮው ቦታ የማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ጋር ይሁን።