«ላስቀምጥልህ» ያላችሁትን ብር መልሱ፦ ስለ ልጆችና ገንዘብ ጥያቄና መልስ

ባንክ መስኮት ላይ 24 ዓመት ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አራት ልጆች አሳድጌያለሁ። በዚህ ቡድናችን ውስጥ ትምህርት ቤት የማያስተምረውን የገንዘብ ነገር ለልጆቻችን እንዴት እናሳያቸው የምትሉ አባላት በዝታችኋል፤ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ልጃችሁ ለቡሄ ወይም ለእንቁጣጣሽ ያገኘውን ብር «ላስቀምጥልህ» ብላችሁ ከወሰዳችሁ፣ መልሱለት።

ጥያቄ (እናት፣ ከአዳማ)፦ እትዬ፣ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ከስንት ዓመቷ ብር ላስይዛት?

መልስ፦ አሁን ጀምሪ። አብረሽ ሱቅ ውሰጃት። ለባለሱቁ እሷ ትክፈል፣ መልሱንም እሷ ትቀበል። እዚያው ቆማ ትቁጠር። ከኋላ ሰው ቢሰለፍም ትቁጠር።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ለሕይወት እንዴት ላዘጋጃቸው?

መልስ፦ በጣም ሰፊ ነው። ዕድሜያቸውንና ያስቸገረህን ነገር ጻፍልኝ።

ጥያቄ (እናት፣ ከባሕር ዳር)፦ የ9 ዓመት ልጄን ጉሊት ስልከው ተታሎ ይመጣል። የላላ ቲማቲም ይሰጡታል። መላኩን ልተው?

መልስ፦ እንዳትተዪ! ተታሎ ይምጣ። በ9 ዓመቱ በአንድ መደብ ቲማቲም ቢታለል ይሻለዋል፤ በ30 ዓመቱ በመኪና ከሚታለል።

ሁለተኛው ልጄ እንዲሁ ነበር። ከላይ ያማረ፣ ከሥር የፈሰሰ ቲማቲም ይዞ መጣ። አልተቆጣሁትም። ትሪ ላይ ዘረገፍኩትና አንድ በአንድ በጣቱ እየተጫነ ደህናውን እንዲለይ ነገርኩት። በሳምንቱ ሲሄድ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት። እያንዳንዱን አንስቶ ያገላብጣል። ሴትየዋ «አትነካካ!» አለችው። «እኛ እኮ ነን የምንበላው» አላት። ዝም ብላ አየችውና መረጠችለት፣ ሁለት ቃሪያም መረቀችለት። ቃሪያዎቹን ፌስታል ውስጥ አልከተታቸውም። እስከ ቤት በእጁ ይዟቸው መጣ።

ያን ቀን የመጀመሪያውን ቲማቲም አይቼ «ደደብ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ አይሄድልኝም ነበር።

ጥያቄ (አባት፣ ከአዲስ አበባ)፦ አልጋ ላነጠፈበት፣ ዕቃ ላጠበበት ልክፈለው?

መልስ፦ ለራሱ አልጋ አይከፈልም። በልቶበታልና ሳህኑን ይጠብ። ከዚያ ያለፈ ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ግቢውን በሙሉ ቢያጸዳ፣ ተነጋገሩበት።

አባል (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ እኔ እከፍላለሁ። እዚህ የጓደኞቹ ወላጆች ሁሉ ይከፍላሉ። ምን ችግር አለው?

ሌላ አባል፦ ነገ «ውሃ አቀብለኝ» ስትለው «ስንት ትከፍላለህ?» ይልሃል። ገንዘብ ነው ልጆቹን ያበላሸው። ድሮ ለሆያ ሆዬ ሙልሙል ነበር የሚሰጠው። አሁን ብር ካልሰጠሃቸው ከበር አይሄዱም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሙልሙል እኮ የተሰጠው ብር ስላልነበረ ነው።

ሌላ አባል፦ አይደለም! ባህል ስለሆነ ነው።

መልስ፦ እባካችሁ ወደ ጥያቄው። ሙልሙልም ሆነ ብር፣ ልጆቹ ጨፍረው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኸው ያገኙት ነው። የሆያ ሆዬ ልጆችን ልብ ብላችሁ እዩ። ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። ማታ አስፋልት ዳር ተቀምጠው ይካፈላሉ። አውራጁ ትንሽ ይጨመርልኝ ይላል፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ቤት ሲገቡ ግን እኛ ተቀብለን ኪሳችን እንከተዋለን። መልሱላቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከስልክ አልላቀቅ አለ።

መልስ፦ ይህን የሚያውቅ ሌላ አባል ይመልስልሽ። እኔ የማውቀው የገንዘቡን ነው።

ጥያቄ፦ ልጆች ከስንት ዓመታቸው ይጀምሩ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ።

ጥያቄ (እናት፣ ከዱባይ)፦ እትዬ፣ በቤትዎ የልጆች ዕቁብ እንዳለ ሰምቻለሁ። ዕጣ ማውጣት ቁማር አይለምድባቸውም?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽኝ ተባረኪ። ዕቁብ ቁማር አይደለም። ቁማር አንዱ ሲበላ ሌላው ይከስራል። በዕቁብ ሁሉም ያስገባውን ያህል ያወጣል፤ ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው።

የእኛ እንዲህ ነበር። ስድስት ነን፣ አራቱ ልጆች፣ አባታቸውና እኔ። እሑድ ከቡና በኋላ እያንዳንዳችን 20 ብር እናስቀምጣለን። ስማችንን በወረቀት ጠቅልለን ሲኒ ውስጥ እንከታለን፣ ትንሿ ታወጣለች። የደረሰው 120 ብር ይወስዳል። በስድስት ሳምንት ሁሉም ይደርሰዋል። መጀመሪያ የደረሰው ተበድሯል ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ቆጥቧል። ይህን ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው።

ትምህርቱ ያለው ከደረሰው በኋላ ነው። ሦስተኛዋ ልጄ በመጀመሪያው እሑድ ደረሳት፣ ጫማ ገዛች። በሳምንቱ «ብር የለኝም» አለች። ታላቅ ወንድሟ «ዋስሽ ማነው?» አላት። እኔ አፌን አልከፈትኩም። አለቀሰች። አባቷ ዋስ ሆኖ 20 ብሯን ከፈለና ደብተሩ ላይ ጻፈባት። በሦስት ሳምንት ከፍላ ስትጨርስ ጽሑፉን ራሷ ሰረዘችው። ዛሬ ትዳር ይዛለች፤ ያ ደብተር አሁንም እሷ ጋ ነው።

እናንተም በቀኑ ክፈሉ። አባት «ለሳምንት ይተላለፍልኝ» ካለ ዕቁቡ ፈረሰ።

ጥያቄ፦ ዕቃ በየጊዜው እየተወደደ ልጅን ቆጥብ ማለት ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሣጥን ውስጥ ለዓመታት አታስቀምጡ። ልጅ ለሁለት፣ ለሦስት ወር ቆጥቦ የሚገዛውን ነገር ይምረጥ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ለክረምት ሥራ ልቀጠር ይላል።

መልስ፦ አይቀጠርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ላለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም። ሱቅ ካለህ አጠገብህ ይዋል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሬን ያውቃል። ችግር አለው?

መልስ፦ ዛሬ ማታ ቀይሪው። ደግሞ በእጁ ያልቆጠረው ብር ሲያልቅ አይታወቀውም። መጀመሪያ በወረቀት ብር ይልመድ።

ጥያቄ (አባት፣ ከደሴ)፦ እትዬ፣ ለቡሄ ያገኘውን ብር ከ11 ዓመት ልጄ ተቀብዬ ለቤት ኪራይ አዋልኩት። እሱም አልጠየቀኝም። ምን ልበለው?

መልስ፦ እውነቱን ንገረው። ኪራይ መክፈል ነውር የለውም።

በ10 ዓመቴ አበባየሆሽ ብለን የደረሰኝን 7 ብር እናቴ «ላስቀምጥልሽ» ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ያኔ ቤታችን ስኳር እንኳ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ደብተር አልቆብኝ ስጠይቃት ነጠላዋን ሳበችና ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ሰባቱም አለ። ባንክ ስገባ ሰው ገንዘቡን አምኖ ሲሰጠኝ የማስበው ያንን ቋጠሮ ነበር።

ዕዳህን በልጁ ደብተር ላይ ጻፍ። በትንሽ በትንሹም ቢሆን ክፈለው።

የደሴው አባት (ከአንድ ሰዓት በኋላ)፦ ነገርኩት። እኔ 340 ብር ነበር የመሰለኝ። እሱ «365 ነው» አለኝ። ሂሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፎት ኖሯል።

መልስ፦ 365 ብለህ ጻፍ። የመጀመሪያውን የምትሰጥበትን ቀንም ጻፍለት።